የመረጃ ጎተራ በኮምፒዩተር ውስጥ ባለ ኮምፒዩተር

የጣና ሐይቅ የትናንት ከፍታ ዛሬ አይለካም። ዛሬ ማለዳ በባህር ዳር ዳርቻ ከውኃ መለኪያው ላይ ሳይነበብ የቀረ ቁጥር ነገ በምንም ጥበብ ሊነበብ አይችልም፤ ውኃው ተለውጧልና። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ አንስቶ በባህር ዳር ሲመዘገብ የኖረው የሐይቁ ከፍታ ባይኖር ኖሮ፣ ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2003 ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደነበረ፣ የጨረጨራ ግድብ በ1996 ሥራ ከጀመረ ወዲህም የውኃው አጨማመርና አቀናነስ እንዴት እንደተለወጠ የምናውቀው በዓሣ አጥማጆችና በታንኳ ቀዛፊዎች ትዝታ ብቻ በሆነ ነበር። ትዝታ ደግሞ የአስርዮሽ ነጥብ የለውም።

እንዲህ ያለ የማይደገም ልኬት ከተወሰደ በኋላ የት ይቀመጣል? ውድ አንባቢያን፣ መልሱ የሚያኮራ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በአንድ ፍላሽ፣ ወይም በአንድ ተማሪ ላፕቶፕ፣ ወይም በቢሮ ጥግ አቧራ በለበሰ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ችግሩ የቦታ ጥበት አይደለም። በየደቂቃው አንድ ጊዜ የሚለካ መሣሪያ በዓመት 525,600 መስመር ይጽፋል። እያንዳንዱ መስመር ሠላሳ ፊደላት ቢይዝ የዓመቱ ድምር ወደ 16 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ በስልክ ከተቀረጸ አጭር የሠርግ ጭፈራ ያነሰ ማለት ነው። መረጃ የሚጠፋብን ስለበዛ ሳይሆን አንድ ቦታ ብቻ ስለሚቀመጥ፣ ያም ቦታ መበላሸቱን ሳይናገር ስለሚበላሽ ነው።

ለዚህ ችግር የተዘጋጁ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች አሉ። ዋጋቸው ነፃ ሲሆን የሚጠይቁት ግን አንድ ሙሉ ኮምፒዩተርና በርከት ያሉ ሃርድ ዲስኮችን ነው። ያን ለማሟላት አቅም የሌለው ተማሪ ወይም የትምህርት ክፍል እነዚህን ሲስተሞች በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር በተሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ውስጥ፣ ማስኬድ ይችላል። እኛም አስኪደናል። ከዚህ ቀጥሎ የምናወጋችሁ በዚህ ሥራ የተማርነውን፣ ከፍለን የተማርነውንም ጭምር ነው።

ዲስክን የማያምን ጎተራ

የኔትወርክ ማከማቻ የሚባለው ብዙ ዲስኮችን በሆዱ ይዞ በኔትወርክ ገመድ ለሌሎች ኮምፒዩተሮች ፋይል የሚያቀብል፣ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪንም ኪቦርድም የሌለው ኮምፒዩተር ነው። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ያለ ኔትወርክ ይበቃዋል። በዚህ ዘርፍ ስሙ የገነነው ፍሪናስ የተባለው ሲስተም ሲሆን፣ ኦሊቪዬ ኮሻር ላቤ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ነው። ሲስተሙ ፍሪ ቢ ኤስ ዲ በተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ የቆመ ነበር። በ2020 ስሙ ወደ ትሩናስ ተለወጠ፤ በ2022 ደግሞ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተው ዝርያው ወጣ።

የዚህ ጎተራ ልብ ዜድ ኤፍ ኤስ የሚባለው የፋይል አያያዝ ሥርዓት ነው። በሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ውስጥ ጄፍ ቦንዊክና ማቲው አረንስ የመሩት ይህ ሥራ በ2005 ይፋ ወጣ። ከእርሱ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ሥርዓቶች ዲስኩ «ይኸው ያስቀመጥከው» ብሎ የመለሰውን ሁሉ በየዋህነት ይቀበሉ ነበር። ዜድ ኤፍ ኤስ ግን ዲስክ ሊሳሳት፣ ሊረሳ፣ አልፎ አልፎም ሌላውን ነገር «ይኸው» ብሎ ሊያቀርብ ይችላል ብሎ ይነሣል።

አሠራሩን በሦስት ቁጥሮች ማየት ይቻላል። 5፣ 7 እና 4ን በሦስት ዲስኮች ላይ አስቀመጥን እንበል፤ በአራተኛው ዲስክ ላይ ድምራቸውን 16ን ጻፍን። ሁለተኛው ዲስክ ቢሞት ከ16 ላይ 5ንና 4ን ቀንሰን 7ን እናገኛለን። ይህ ዘዴ የቆየ ነው (ኮምፒዩተሩ በእርግጥ የሚጠቀመው ተራ መደመርን ሳይሆን የሁለትዮሽ ስሌትን ነው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው)። አሁን ግን ዲስኩ አልሞተም፣ ነገር ግን 7 የነበረውን 9 ብሎ አነበበው እንበል። ድምሩ 18 ሆነ፤ የተጻፈው ግን 16 ነው። አንዱ ዋሽቷል፤ የትኛው? አምስቱ ይሆን? አራቱ ይሆን? ወይስ ራሱ ድምሩ? ድምር ብቻውን ይህን ሊመልስ አይችልም። ዜድ ኤፍ ኤስ ለእያንዳንዱ የመረጃ ክፍልፋይ ከይዘቱ የሚሰላ የማረጋገጫ ቁጥር አውጥቶ፣ ቁጥሩን ከክፍልፋዩ ጋር ሳይሆን ወደ ክፍልፋዩ በሚጠቁመው የበላይ መዝገብ ላይ ያኖረዋል። ስለዚህ ውሸታሙ ይለያል፤ ከተለየ በኋላም ትክክለኛው ከቀሪዎቹ ተሰልቶ በቦታው ይተካል።

በጣና ደሴቶች ገዳማት የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን የማየት ዕድል ያጋጠማችሁ፣ በኅዳጉ ላይ ወይም ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የገባ ቃል ሳታዩ አልቀራችሁም። ጸሓፊው የዘለለውን አራሚው መልሶ አስገብቶታል። አራሚ ያለ ሌላ ቅጂ ወይም ያለ ጠንካራ ትውስታ ሊያርም አይችልም። ዜድ ኤፍ ኤስም እንዲሁ ነው፤ አንድ ዲስክ ብቻ ብትሰጡት ስሕተቱን ያያል፣ ይናገራል፣ ማረም ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሆንለትም።

እንግዳና አስተናጋጅ

ቨርቹዋል ማሽን አዲስ ነገር አይደለም። የአይ ቢ ኤም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንድን ውድ ኮምፒዩተር ለብዙ ተጠቃሚዎች ለማከፋፈል ሲሉ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሙሉ ኮምፒዩተር ብቻውን የያዘ እንዲመስለው አደረጉ፤ በ1972ም ለገበያ አቀረቡት። ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ በ1974 አንድ ኮምፒዩተር ለዚህ ሥራ የሚመች ለመሆን ምን ማሟላት እንዳለበት በሒሳብ አኳኋን አስቀመጡ። በየቢሮው ያሉት ኮምፒዩተሮች ይህን መስፈርት አያሟሉም ነበር፤ ሆኖም ቪ ኤም ዌር በ1999 በሶፍትዌር ብልሃት አለፈው፣ ኢንቴልና ኤ ኤም ዲም በ2005 እና በ2006 በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ለዚሁ የሚያግዝ ክፍል ጨመሩ። ዛሬ አንድ ተማሪ ቨርቹዋል ቦክስን በነፃ ጭኖ በአንድ ከሰዓት በኋላ መጀመር ይችላል።

እውነተኛው ኮምፒዩተር አስተናጋጅ፣ በውስጡ የሚኖረው እንግዳ ይባላል። እንግዳው ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንግዳ መሆኑን ሳያውቅ መኖር ይችላል። ፕሮሰሰር አለኝ ይላል፣ በአስተናጋጁ ፕሮሰሰር ላይ ተራ የተሰጠው ነው፤ ሜሞሪ አለኝ ይላል፣ ተቆርሶ የተሰጠው ነው። አራት ዲስኮች አሉኝ ይላል፤ እነዚያ «ዲስኮች» ግን በአስተናጋጁ ሃርድ ዲስክ ላይ የተቀመጡ አራት ትልልቅ ፋይሎች ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ ያለ አንባቢ ቅሬታ ያነሣል። ዲስክን ላለማመን የተፈጠረ ሥርዓት ዲስክ ያልሆነ ዲስክ ተሰጥቶት ምን ይበጀዋል? ቅሬታው ትክክል ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን። በመጀመሪያ ግን በዚህ ውሸት ውስጥ ያለውን ታላቅ ጥቅም እንመልከት፤ ያልሆነ ዲስክ ያለ ወጪ ሊገደል ይችላል።

ዲስክ የመግደል ሙከራ

16 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ኮምፒዩተር ካገኛችሁ ግማሹን ለእንግዳው ስጡ፤ ትሩናስ ከ8 ጊጋባይት በታች አይወድም። ለራሱ ለሲስተሙ 20 ጊጋባይት የሚሆን አንድ ዲስክ፣ ለመረጃ ደግሞ እያንዳንዳቸው 10 ጊጋባይት የሆኑ አራት ዲስኮች ፍጠሩ። ስትፈጥሯቸው መጠናቸው ከመጀመሪያው የተወሰነ ይሁን እንጂ እያደጉ የሚሄዱ አይሁኑ። ኔትወርኩን በድልድይ መልክ አገናኙት፤ ያን ጊዜ እንግዳው በክፍላችሁ ኔትወርክ ላይ የራሱ አድራሻ ያለው ኮምፒዩተር ሆኖ ይታያል፣ ከጎናችሁ ያለው ተማሪም በብራውዘር ሊከፍተው ይችላል። አራቱን ዲስኮች አንድ ዲስክ ቢሞት በሚችል ገንዳ አዋህዷቸው። ከ40 ጊጋባይት ውስጥ ለመረጃ የሚቀራችሁ ወደ 30 ገደማ ነው፤ ቀሪው የድምሩ ዋጋ ነው። ገንዳውን ከግማሽ በላይ በፋይል ሙሉት።

አሁን እንግዳውን በሥርዓት አጥፉና ከአራቱ ዲስኮች አንዱን ንቀሉ። ስትመልሱ ሲስተሙ ገንዳው ጎድሏል ብሎ ይጮኻል፣ ፋይሎቻችሁ ግን ሁሉም ይከፈታሉ። ይህ ጥሩ ነው፤ የሚያስደንቀው ግን ቀጣዩ ነው። ዲስኩን መልሳችሁ ገንዳው ከዳነ በኋላ እንግዳውን እንደገና አጥፉ። ከዚያ በአስተናጋጁ በኩል ከአራቱ ፋይሎች የአንዱን መካከል ከፍታችሁ ጥቂት መቶ ሜጋባይት በዜሮ ደምስሱ፤ የፋይሉን መጠንም መጀመሪያውንም አትንኩ። እንግዳውን አስነሡና ሙሉ ፍተሻ እዘዙ። ሲስተሙ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ የማረጋገጫ ቁጥሮቹን ያመሳክራል፤ ሲጨርስ የትኛው ዲስክ ላይ ስንት ስሕተት እንዳገኘ፣ ምን ያህሉንም እንዳረመ ቁጥር ጠቅሶ ሪፖርት ያቀርባል።

እኛ በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ስለዚህ ነገር ብዙ አንብበናል። ያመንነው ግን በገዛ እጃችን ያበላሸነው ፋይል ተጠግኖ ስናየው ነው። በእውነተኛ ዲስክ ይህን ሙከራ ለማድረግ የሚደፍር፣ የሚፈቅድለትም ንብረት ክፍል ያለ አይመስለንም።

«ተጽፏል»

ወደ ቅሬታው እንመለስ። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የሆነ ነገር አለ። ደብዳቤው ወጪ ቁጥር ተሰጥቶት «ወጥቷል» ተብሎ ይመዘገባል፤ ደብዳቤው ራሱ ግን ገና መሳቢያ ውስጥ ነው። ምንም ካልተፈጠረ ከሰዓት በኋላ ይወጣል፣ ማንም አያውቅም። ቢሮው በዚያ መካከል ቢቃጠል ግን መዝገቡ ወጥቷል የሚለው ደብዳቤ የትም የለም።

በኮምፒዩተርም እያንዳንዱ ጽሑፍ በብዙ መሳቢያዎች ያልፋል፤ በእንግዳው ሜሞሪ፣ በአስተናጋጁ ሜሞሪ፣ በራሱ በሃርድ ዲስኩ ውስጥ ባለች ትንሽ ሜሞሪ። ለፍጥነት ሲባል እያንዳንዱ መሳቢያ ከተረከበ በኋላ «ተጽፏል» ይላል። ዜድ ኤፍ ኤስ ይህን ስለሚያውቅ በየጥቂት ሴኮንዱ ሥራውን ጠቅልሎ «መሳቢያችሁን ሁሉ ባዶ አድርጉ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ሁሉም ባዶ አድርገናል ካሉ በኋላ ብቻ የገንዳውን ዋና ማውጫ ወደ አዲሱ መረጃ ያዞራል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ መረጃው፣ ቀጥሎ ማውጫው። መብራት በማንኛውም ቅጽበት ቢጠፋ አሮጌው ማውጫ ከአሮጌው መረጃ ጋር፣ ወይም አዲሱ ከአዲሱ ጋር ይገኛል።

ቨርቹዋል ቦክስ ግን ይህን የ«ባዶ አድርጉ» ትእዛዝ እንግዳው ሲሰጠው፣ ካልተነገረው በቀር፣ ለፍጥነት ሲል ችላ ይለዋል። የተደበቀ ነገር አይደለም፤ በመመሪያው ላይ ተጽፏል፣ መቼቱም ሊለወጥ ይችላል። እኛ ያን ገጽ አላነበብንም ነበር።

የሆነው ይህ ነው። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪያችን በሐይቁ ዳርቻ በተለያየ ጥልቀት የውኃ ሙቀት የሚለኩ መሣሪያዎች ተክላ ነበር። መረጃውን የምናጠራቅመው በሥራ ክፍላችን ባለ አንድ ዴስክቶፕ ላይ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ በተከልነው ጎተራ ነበር። አስተማማኝነቱን ፈትነናል። እንግዳውን በሥራ ላይ እያለ ሠላሳ ወይም አርባ ጊዜ በድንገት አጥፍተነዋል፤ ሁልጊዜም ምንም ሳይጎድልበት ተነሥቷል። ፍጥነቱ እንዲጨምር የአስተናጋጁን ሜሞሪ በመሳቢያነት እንዲጠቀም ያደረግነውም እኛው ነን። ከዚያ በአንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ፤ ዩፒኤሱም ባትሪው አርጅቶ ኖሮ አብሮ ሄደ። መብራቱ ሲመጣ አስተናጋጁ ተነሣ፣ እንግዳውም ተነሣ፤ ገንዳው ግን አልከፈት አለ። ማውጫው አዲስ ነበር፤ የሚጠቁመው መረጃ ግን ዲስኩ ላይ አልደረሰም። ወደ ቀደሙት ማውጫዎች ለመመለስ ያደረግነው ሙከራም አልሰመረም።

ስሕተታችን የት እንደነበረ ለማየት ፊዚክስ አያስፈልግም፤ እኛ ግን የፊዚክስ መምህራን ሆነን ሳንለይ የቀረነው የሙከራውን ሥርዓት ወሰን ነው። እንግዳውን ስናጠፋ የሚሞተው እንግዳው ብቻ ነው። የአስተናጋጁ መሳቢያ ሕያው ስለሆነ የተረከበውን ሁሉ ተረጋግቶ ወደ ዲስክ ያወርዳል። አርባውም ሙከራ የፈተነው ፈጽሞ ሊወድቅ የማይችለውን ነገር ነበር። ትክክለኛው ፈተና የአስተናጋጁን ገመድ ከግድግዳ መንቀል ነበር፤ ያን ደግሞ ማንም በሥራ ኮምፒዩተሩ ላይ አያደርገውም።

ተማሪዋ በየአሥር ቀኑ ወደ ፍላሽ የመገልበጥ ልማድ ነበራት። የጠፋው ከመጨረሻው ግልበጣ በኋላ የነበረው አሥር ቀን ነው። መሣሪያዎቹም መረጃውን ካስረከቡ በኋላ እንዲያጸዱ አድርገናቸው ነበር። በእነዚያ አሥር ቀናት ውስጥ የዓመቱ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጥሏል፤ ተማሪዋ ልታየው የምትፈልገውም የገባሮቹ ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ሐይቁ ሲገባ በየጥልቀቱ የሚሆነውን ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለትምህርት ከሆነ ቨርቹዋል ማሽኑን አትተዉት፤ ከላይ የገለጽነውን ሙከራ ሁሉ ያለ ፍርሃት አድርጉ። ለእውነተኛ መረጃ ግን ጎተራውን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ መትከል ይመረጣል። አቅም ከሌለና አንዱ ኮምፒዩተር ብዙ ሥራ እንዲሠራ ግድ ከሆነ፣ ለእንግዳው የዲስክ ፋይሎችን ሳይሆን ዲስኮቹ የተሰኩበትን ካርድ እንዳለ አሳልፎ መስጠት ይቻላል። ለዚህ ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ የሚደግፉት መሆን አለባቸው፤ ያን ጊዜ አስተናጋጁ ከመካከል ወጥቶ እንግዳው ዲስኮቹን ራሱ ያነጋግራል። የተሰጠው ሜሞሪም ለሌላ እንግዳ የማይበደር ይሁን። አራት የዲስክ ፋይሎችን በአንድ እውነተኛ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጦ «አራት ዲስክ አለኝ» ማለት ለሙከራ ካልሆነ ራስን መደለል ነው፤ አንዱ ዲስክ ሲሞት አራቱም በአንድ ቀን ይሞታሉ።

ሌላም የሚደበቅ ነገር አለ። የዲስክ ፋይል አያረጅም፣ አይሞቅም። እውነተኛ ዲስክ ግን ሙቀቱንና የተበላሹ ቦታዎቹን ቁጥር ራሱ እየመዘገበ ለሚጠይቀው ይናገራል፤ እንግዳው በፋይል ሲሸፈን ይህን አይሰማም። በነገራችን ላይ የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ጫፍ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ በላይ በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ ነው። ባህር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3,000 ሜትር ስለሚፈቅዱ ለእኛ አያሳስብም። በራስ ደጀን አናት ላይ ጎተራ ለመትከል የሚያስብ ካለ ግን በሂሊየም የታሸገ፣ ወይም ጭራሽ የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ ይፈልግ።

የዩፒኤስ ባትሪም በየጊዜው ይፈተሽ፤ ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መናገር የሚያሳፍረን እኛን ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ቅጂ ነው። አራት ዲስክ ያለው ገንዳ አንድ ዲስክ ሲሞት ያድናል፤ ሌባ፣ እሳት፣ ወይም በስሕተት «ሰርዝ» ያለ ጣት ሲመጣ ግን ሌላ ቦታ ያለ ቅጂ ካልሆነ የሚያድን የለም። ኧርንስት ሐመርሽሚት የተባለው ምሁር በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣና ገዳማት የሚገኙ መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አንሥቶ ነበር። የክብራን ገብርኤል መጻሕፍት ዝርዝር በ1973፣ የደብረ ማርያምና የሬማ በ1977፣ በቬሮኒካ ዚክስ የተዘጋጀው የዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ በ1999 በጀርመን ታትመዋል። ብራናው በደሴቱ፣ ምስሉ በሌላ አህጉር ይገኛል። ለአንድ የትምህርት ክፍል አህጉር መሻገር አያስፈልግም፤ ከከተማዋ ሌላ ጫፍ ባለ ሕንጻ ውስጥ ሁለተኛ ጎተራ ቢኖር ትሩናስ በየሌሊቱ የተለወጠውን ብቻ ለይቶ ይልክለታል። ይህ ሁለተኛው ጎተራ ለቅጂ ብቻ እስከሆነ ድረስ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ቢኖር፣ የ«ባዶ አድርጉ» ትእዛዙም እንዲከበር ከተደረገ፣ እኛ አንቃወምም።

የእኛ ጎተራ ዛሬ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ በየወሩም ይፈተሻል። መሣሪያዎቹም ቅጂው በሁለት ቦታ መድረሱ ካልተረጋገጠ አያጸዱም። ተማሪዋ መመረቂያ ጽሑፏን ስታዘጋጅ ከጉድለቱ በፊትና በኋላ ያሉትን ነጥቦች በመስመር አገናኝታ ክፍተቱን እንድትሸፍን ሐሳብ ያቀረበላት ሰው ነበር። እርሷ ግን አልተቀበለችውም። በግራፉ ላይ አሥሩ ቀን ባዶ ነው፤ ከሥሩ «በማከማቻ ብልሽት የጠፋ» ተብሎ ተጽፏል።